የሕዋስ ሞት ፕሮቲኖች የቆዳ ካንሰር መባባስን ይጠቁማሉ? ጥናቱን ከናሙና እስከ መደምደሚያ የምንሠራበት መንገድ

ይህ ጽሑፍ የሕዋስ ሞት ፕሮቲኖችን በቆዳ ካንሰር ናሙና ላይ ለማጥናት ላሰባችሁ ነው። የፓቶሎጂ ሬዚደንት ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ የባዮሎጂ ማስተርስ ተማሪም ልትሆኑ ትችላላችሁ። ወይም በዚህ ርዕስ የታተመ ጥናት እጃችሁ ገብቶ "እውነት ይሄ ይታመናል?" እያላችሁ ይሆናል። ጥናቱን ራሳችሁ ባትሠሩትም አሠራሩን ካወቃችሁ የሌላ ሰው ሥራ የቱ ጋ እንደሚያነክስ ቶሎ ይታያችኋል።

ሐሳቡ ላይ ላዩን ቀላል ነው። የካንሰር ሴል መሞት ሲገባው አልሞት ያለ ሴል ነው፤ ስለዚህ ሞትን የሚያግዱ ፕሮቲኖች ሲበዙ በሽታው ይብሳል፣ ሞትን የሚያመጡት ሲበዙ ደግሞ ይሻላል። ከዚህ ተነሥቶ ናሙና ይሰበሰባል፣ ይቀለማል፣ ይቆጠራል፣ ፒ-ቫልዩ (ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት የመታየት ዕድል) ይወጣል። ቆዳ ላይ ግን ይሄ ሒሳብ ብዙ ጊዜ አይሰምርም። አንዱ ጥናት ሞትን ከሚያግዱት አንዱ የሆነው ቢሲኤል-2 የተባለው ፕሮቲን ሜላኖማ ሲብስ ይጨምራል ይላል፣ ሌላው ይቀንሳል ይላል፣ ሁለቱም ያዩትን በትክክል ቆጥረው ሊሆን ይችላል።

እኔ አጥብቄ የምይዘው ነገር ይሄ ነው፦ አንድ ፕሮቲን ሴሉ ውስጥ መኖሩና ሥራውን እየሠራ መሆኑ ለየቅል ናቸው። ሥራውን እየሠራ ቢሆን እንኳ፣ በሚሊሜትር ከምንለካው የዕጢ ውፍረት የበለጠ የሚነግረን ነገር ከሌለው ሐኪም የሚጠቀምበት ጠቋሚ አይሆንም። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የመጡት ከዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ የሞቱን መንገድ በወረቀት ሣሉ

አንቲቦዲ (አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ መቀለሚያ) ከማዘዛችሁ በፊት ወረቀትና እርሳስ አንሡ። አፖፕቶሲስ የሚለውን ስም ኬር፣ ዋይሊ እና ከሪ በ1972 ነው ያስተዋወቁት። ሴሉ በራሱ መሣሪያ፣ በሥርዓት የሚፈጽመው ሞት ነው። (የጂኖቹ ቅደም ተከተል የተገኘው በአንዲት ትንሽ ትል ላይ ነው። ትሏ ስታድግ ከምታፈራቸው 1090 ሴሎች 131ዱ ሁልጊዜ ይሞታሉ፣ ያውም ማንነታቸው አስቀድሞ የታወቀ። ብሬነር፣ ሆርቪትዝና ሰልስተን የ2002ን የኖቤል ሽልማት ያገኙት ከዚህ በመነጨ ሥራ ነው። እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።)

መንገዱ ሁለት መግቢያ አለው። የመጀመሪያው ከውስጥ ነው። ዲኤንኤ ሲጎዳ ወይም የዕድገት ምልክት ሲቋረጥ እንደ ቢም፣ ፑማና ኖክሳ ያሉ ትንንሽ ፕሮቲኖች ይነሣሉ። እነሱ ባክስንና ባክን ያንቀሳቅሳሉ፤ ባክስና ባክ የማይቶኮንድሪያን የውጭ ሽፋን ይበሱታል። ሳይቶክሮም ሲ ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ አፓፍ-1 ከተባለው ጋር ይጣመራል፣ ካስፔዝ-9 ይነቃል፣ እሱ ደግሞ ካስፔዝ-3ንና ካስፔዝ-7ን ቆርጦ ሥራ ያስጀምራቸዋል። ሁለተኛው ከውጭ ነው። ፋስንና ትሬልን የመሳሰሉ ምልክቶች የሴሉን ገጽ ይነካሉ፣ ካስፔዝ-8 ይነቃል፣ መንገዱ እዚያው ካስፔዝ-3 ላይ ይገናኛል። አጋጆቹም በየቦታቸው ናቸው። ቢሲኤል-2፣ ቢሲኤል-ኤክስኤል እና ኤምሲኤል-1 ባክስንና ባክን ያስራሉ፣ ኤክስአይኤፒ ደግሞ ካስፔዞቹን ራሳቸውን ይይዛል።

በሥዕሉ ላይ ከእያንዳንዱ ፕሮቲን አጠገብ ሌላ ምን ሥራ እንዳለው ጻፉ። ይሄን የሚዘሉት ብዙ ናቸው። ለምሳሌ ሰርቫይቪን በ1997 ሲገለጽ ሞትን የሚያግድ ተብሎ ነው። ነገር ግን ሴል ሲከፈል ክሮሞሶሞች በትክክል እንዲለያዩ የሚያደርግ ቡድን አባልም ነው። ስለዚህ ሰርቫይቪን የበዛበት ዕጢ ስታዩ ያያችሁት ሞት መታገዱን ላይሆን ይችላል፤ ሴሎቹ ቶሎ ቶሎ እየተከፈሉ መሆኑን ብቻ ሊሆን ይችላል። የሚከፈሉ ሴሎችን የሚያሳየውን ኪ-67ን አብራችሁ ካልቀለማችሁ ሁለቱን መለየት አትችሉም።

የቢሲኤል-2ን ነገር እንዲህ አስቡት። መኪናው ፍሬን እንዳለው ማወቅ እግር ፍሬኑ ላይ እንዳለ አይነግረንም። ቢሲኤል-2 ሞልቶ ሳለ ቢም ሁሉንም ይዞት ከሆነ ያ ሴል የሞት አፋፍ ላይ ነው። ቢሲኤል-2 አንሶ ቢምም ከሌለ ደግሞ ሴሉ በሰላም ይኖራል። ለዚህ ነው አንድን ፕሮቲን ለብቻው መቁጠር የሚያሳስተው።

ሌላ ጥንቃቄ፦ ፒዲ-1 ስሙ ላይ "የታቀደ የሕዋስ ሞት" ስላለ ብቻ ከእነዚህ ጋር አትደምሩት። እሱ ቲ-ሴልን የሚያቀዘቅዝ የበሽታ መከላከያ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፣ ከካስፔዞቹ ጋር አንድ መዝገብ ላይ አይገባም። ኔክሮፕቶሲስና ፌሮፕቶሲስ የሚባሉ ሌሎች የሞት ዓይነቶችም አሉ። ለመጀመሪያ ሥራችሁ ግን ከአፖፕቶሲስ አትውጡ።

ደረጃ 2፦ የትኛው ካንሰር? መባባስስ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

"የቆዳ ካንሰር" ብሎ ሁሉን መደባለቅ ትልቁ ስሕተት ነው። ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፣ የሦስቱም መነሻ የተለያየ ነው።

ቤዛል ሴል ካርሲኖማን ውሰዱ። ብዙውን ጊዜ ቢሲኤል-2 በዕጢው ሁሉ ተሰራጭቶ ጎልቶ ይታያል። ግን ይሄ ካንሰር ወደ ሌላ አካል የሚሰራጨው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። "ቢሲኤል-2 ከበዛ ካንሰሩ ክፉ ነው" የሚለው አባባል እዚህ ጋ ይወድቃል።

ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ላይ ዋናው ተዋናይ ፒ53 ነው፣ ዲኤንኤው የተጎዳ ሴል እንዲቆም ወይም እንዲሞት የሚያዘው ፕሮቲን። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በፒ53 ጂን ላይ የራሱን አሻራ ይተዋል፤ ሲ የነበረው ፊደል ወደ ቲ፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲዎች ወደ ሁለት ቲ ይለወጣሉ። ይሄ አሻራ በ1991 ነው በእነዚህ ዕጢዎች ላይ የተገለጸው። ልብ በሉ፣ የተበላሸ ፒ53 ገና አክቲኒክ ኬራቶሲስ በሚባለው ቅድመ ካንሰር ቁስል ላይም ይገኛል። ስለዚህ ፒ53 ጉዞው መጀመሩን ይነግረናል እንጂ የት እንደደረሰ ለመናገር ደካማ ነው።

ሜላኖማ ከሁሉም ይከብዳል። የሚነሣው የቆዳን ቀለም ከሚሠራው ሜላኖሳይት ነው፤ ጤነኛው ሜላኖሳይት ራሱ ቢሲኤል-2 የሞላው ነው፣ ያለሱም አይኖርም። ቢሲኤል-2 የሌላቸው አይጦች ሜላኖሳይታቸው አልቆ ፀጉራቸው ይሸብታል። መነሻው ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ "ከዜሮ ጨመረ" የሚባል ነገር የለም፤ ዕጢው የሜላኖሳይትነት ባሕርዩን እየጣለ ሲሄድ ቢሲኤል-2 ሊቀንስም ይችላል፣ በሽታው እየባሰም ቢሆን። ፒ53 ደግሞ በአብዛኛው ሜላኖማ ላይ ሚውቴሽን የለውም፤ ሥራው የሚስተጓጎለው በሌላ በኩል ነው። አፓፍ-1 ግን በአንዳንድ የተሰራጩ ሜላኖማዎች እንደሚጠፋ በ2001 ታይቷል፣ ይሄም ፒ53 ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሴሉ ለምን እንደማይሞት አንዱ ማብራሪያ ነው።

አሁን "መባባስ"ን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። አንዱ የሕብረ ሕዋሱን ጉዞ ይጠይቃል፦ ሐኪሞች ኔቨስ ከሚሉት ጉዳት የሌለው ጥቁር ነጥብ፣ ላይኛው የቆዳ ሽፋን ላይ ወደተወሰነው ሜላኖማ፣ ከዚያ ወደ ቀጭኑ፣ ወደ ወፍራሙ፣ በመጨረሻም ወደ ተሰራጨው። ሌላው የታካሚውን ዕጣ ይጠይቃል፦ በሽታው ተመለሰ ወይ? ሰውዬው ስንት ጊዜ ኖረ? አንድ ፕሮቲን ለመጀመሪያው ጥያቄ ጥሩ መልስ ሰጥቶ ለሁለተኛው ምንም ላይል ይችላል። ኔቨስን ከሜላኖማ የሚለይ ፕሮቲን አገኛችሁ ማለት ከሁለት የሜላኖማ ታካሚዎች የትኛው እንደሚብስበት አወቃችሁ ማለት አይደለም። ይሄን የሚያምታታ ርዕስ በየጊዜው ይወጣል፣ እኔም ባየሁት ቁጥር ያበሳጨኛል፣ ምክንያቱም ውጤቱን አንብቦ የሚጨነቀው ታካሚ ነው።

ደረጃ 3፦ ጥቂት ፕሮቲን ምረጡ፣ ግን ተያያዥ

ሃያ አንቲቦዲ አትደርድሩ። በሥዕላችሁ ላይ አንድ አጋጅ፣ አንድ ገፊ እና አንድ የድርጊቱ ማስረጃ ምረጡ። ለሜላኖማ ለምሳሌ ኤምሲኤል-1፣ ቢም እና የተቆረጠ ካስፔዝ-3 ጥሩ ጥምረት ነው። ከቆዳ ሜላኖማዎች ግማሽ ያህሉ ቢራፍ በተባለው ጂን ላይ ሚውቴሽን አላቸው፣ ያ ሚውቴሽን የሚያነቃው መንገድ ቢምን ያስፈርሰዋል። ስለዚህ የቢራፍን ሁኔታ ሳትመዘግቡ ቢምን ብትቆጥሩ የምትለኩት ቢራፍን ሊሆን ይችላል።

"የተቆረጠ" የሚለው ቃል ላይ ጠንቀቅ በሉ። ሙሉው ካስፔዝ-3 ሥራ ፈቶ በብዙ ሴል ውስጥ ተቀምጧል። ሞት መጀመሩን የሚያሳየው የተቆረጠው ነው፣ አንቲቦዲውም ለእሱ ብቻ የተሠራ መሆን አለበት። አንድ ጥናት "ካስፔዝ-3" ብሎ ዝም ካለ ዘዴዎች የሚለውን ክፍል ገልጣችሁ የትኛው እንደሆነ ፈልጉ።

ደረጃ 4፦ ናሙናውን ሰብስቡ

የሥነ ምግባር ፈቃድ መጀመሪያ ይመጣል፣ ስለዚህ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከዚያ ለእያንዳንዱ ናሙና የብሬስሎው ውፍረት (የዕጢው ውፍረት በሚሊሜትር)፣ ቁስለት መኖር አለመኖሩ፣ የሰውነት ቦታ፣ የቀዶ ጥገናው ቀን፣ ቀደም ብሎ የተሰጠ ሕክምናና ክትትሉ የት እንደደረሰ ይመዝገብ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ በኋላ ደረጃ 7 ላይ ትቆማላችሁ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አድልዎ እዚህ ጋ አለ። ቀጭን ሜላኖማ ትንሽ ስለሆነ ናሙናው ምርመራው ላይ ያልቃል፤ መዝገብ ቤት ተርፎ የሚገኘው ወፍራሙ ነው። ስለዚህ "ያገኘሁትን ሁሉ ወሰድኩ" ስትሉ ሳታስቡት የከፉትን መርጣችኋል። ስንት ናሙና ፈልጋችሁ ስንቱን እንዳጣችሁ፣ ለምን እንዳጣችሁ መዝግቡ።

የሚቻል ከሆነ ከአንድ ሰው የመጀመሪያውን ዕጢና የተሰራጨውን በጥንድ ውሰዱ። ሰውዬው ከራሱ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ጫጫታ ይቀንሳል። ከፓራፊን ብሎኩ ላይ 4 ማይክሮሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ቁራጭ ይቆረጥ፣ ተቆርጦም ብዙ ሳይቆይ ይቀለም፤ ስላይድ ላይ ወራት የቆየ ቁራጭ አንቲጅኑ (አንቲቦዲው የሚይዘው የፕሮቲኑ ክፍል) ይደክማል። ሕዋሶቹ በዕጢው ውስጥ ስለሚለያዩም ከመሐልም፣ ወደ ታች ከሚገፋው ጠርዝም ውሰዱ።

ደረጃ 5፦ ቀለሙ፣ እና የሜላኒን ወጥመድ

የተለመደው አሠራር የታወቀ ነው። ፓራፊኑ ይወጣል፣ አንቲጅኑ በሙቀት ይከፈታል (ሲትሬት በፒኤች 6 ወይም ትሪስ-ኢዲቲኤ በፒኤች 9፣ አንቲቦዲው እንደሚፈልገው)፣ የሕብረ ሕዋሱ የራሱ ፐርኦክሲዴዝ ይታገዳል፣ አንቲቦዲዎቹ በየተራ ይጨመራሉ፣ ቀለሙ ይወጣል።

ቆዳ ላይ ግን አንድ ልዩ ጣጣ አለ። በብዙ ላቦራቶሪ የሚሠራበት ዳብ የተባለው ቀለም ቡናማ ነው። የቆዳው የራሱ ቀለም የሆነው ሜላኒንም ቡናማ ነው። በሜላኒን የተሞላ ዕጢ ላይ ዳብ ተጠቅማችሁ ስትቆጥሩ የምትቆጥሩት ፕሮቲን ይሁን ሜላኒን አታውቁትም። የከፋው ነገር ሜላኒን ከዕጢ ዕጢ ስለሚለያይ ስሕተቱ እኩል አይሰራጭም፤ የሌለ ልዩነት ሊፈጥር ይችላል። መፍትሔው ቀይ ቀለም መጠቀም ነው፣ ኤኢሲ ወይም ፋስት ሬድ። ኤኢሲ በአልኮል ይሟሟል፣ ስለዚህ ስላይዱ በውኃ ላይ በተመሠረተ ማሸጊያ ይሸፈን። ሜላኒኑን በኬሚካል ማንጣትም ይቻላል፣ ግን አንቲጅኑንም ሊጎዳ ስለሚችል ቀድማችሁ በጥቂት ናሙና ሞክሩት። የትኛውንም ብትመርጡ፣ ከእያንዳንዱ ዕጢ የመጀመሪያው አንቲቦዲ ያልገባበት አንድ ስላይድ ይኑራችሁ። እሱ ላይ ቡናማ የሚታየው ሁሉ ውሸት ነው።

መቆጣጠሪያም ያስፈልጋል። ለቢሲኤል-2 ቶንሲል በጣም ጥሩ ነው፦ የጀርሚናል ሴንተር ሴሎች ባዶ፣ ዙሪያቸውን ያሉት ሊምፎሳይቶች ደማቅ መሆን አለባቸው። እዚያው ቶንሲል ላይ የተቆረጠ ካስፔዝ-3 ቢቀለም ደግሞ በጀርሚናል ሴንተሩ ውስጥ የሚሞቱት ሴሎች ይታያሉ። ይሄ ሥርዓት ካልታየ ያን ቀን የተቀለመው ሁሉ ይጣላል። ያማል፣ ግን ይጣላል።

ደረጃ 6፦ ቁጠሩ

መጀመሪያ ምን እየቆጠራችሁ እንደሆነ እርግጠኛ ሁኑ። ዕጢው ውስጥ የገቡ ሊምፎሳይቶች ቢሲኤል-2 የሞላባቸው ናቸው። ሜላኒን የበሉ ማክሮፋጆችም የዕጢ ሴል ይመስላሉ። በጎን ባለ ቁራጭ ላይ የሜላኖሳይት ዘር ሴሎች ምልክት የሆነውን ሶክስ10 መቀለም የዕጢውን ሴሎች ለመለየት ይረዳል።

ቢሲኤል-2ንና ኤምሲኤል-1ን ለመሰሉ ፕሮቲኖች ኤች-ስኮር ይመቻል። ደካማ የተቀለሙት ሴሎች ፐርሰንት በ1፣ መካከለኞቹ በ2፣ ደማቆቹ በ3 ይባዛሉ፣ ከዚያ ይደመራሉ። 20 ፐርሰንት ደካማ፣ 30 መካከለኛ፣ 10 ደማቅ ከሆነ 20 ሲደመር 60 ሲደመር 30፣ ማለትም 110 ነው። ከፍተኛው 300 ነው።

ይሄን ስኮር ፒ53 ላይ ግን አትጠቀሙ። ጤነኛ ፒ53 እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። አንድ ዓይነት ሚውቴሽን ፕሮቲኑ እንዳይፈርስ ስለሚያደርገው ሴሉ ሁሉ ይደምቃል። ሌላ ዓይነት ሚውቴሽን ደግሞ ፕሮቲኑን ጨርሶ ያጠፋዋል፣ ስላይዱ ባዶ ይሆናል። በኤች-ስኮር ብትለኩት ከሁለቱ ብልሹ ዓይነቶች አንዱ 300፣ ሌላው 0 ያገኛል፣ ጤነኛውም መሐል ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ፒ53 በቁጥር ሳይሆን በመልክ ይመደብ።

የተቆረጠ ካስፔዝ-3 ሌላ ጠባይ አለው። አፖፕቶሲስ በሰዓታት ያልቃል፣ ሬሳውንም ጎረቤት ሴሎች ቶሎ ያነሡታል። ስለዚህ የሚታዩት ጥቂት ናቸው፣ በሺህ የዕጢ ሴል ስንት እንደሆነ ቁጠሩ። ውጤቱ ከፍ ሲል ግን "ዕጢው እየሞተ ነው፣ ደስ ይበላችሁ" አትበሉ። ቶሎ የሚያድግ ዕጢ ብዙ ይወልዳል፣ ብዙም ይሞትበታል። እንዲያውም የሚሞቱ ሴሎች በካስፔዝ-3 በኩል የተረፉትን ለማደግ የሚገፋ ምልክት እንደሚያወጡ በ2011 የታተመ ሥራ አሳይቷል።

ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይቁጠሩ፣ ሁለቱም የታካሚውን ዕጣ ሳያውቁ። ስምምነታቸው በአጋጣሚ ከሚመጣው ምን ያህል እንደሚበልጥ በሚያሳየው በካፓ ይለካ። ዝቅ ካለ አማካይ ወስዶ ማለፍ አይገባም፤ አንድ ላይ ተቀምጣችሁ የት እንደተለያያችሁ እዩና እንደገና ቁጠሩ።

ደረጃ 7፦ ከማስመሪያው ጋር አወዳድሩ

አሌክሳንደር ብሬስሎው በ1970 የሜላኖማን ውፍረት በሚሊሜትር መለካት የታካሚውን ዕጣ እንደሚተነብይ አሳየ። ዛሬም ዋናው መለኪያ እሱ ነው። የአሜሪካ የካንሰር ጥምር ኮሚቴ ስምንተኛ እትም ዕጢውን በ1፣ በ2 እና በ4 ሚሊሜትር ይከፍለዋል፣ ከ1 በታች ባሉት ላይ ደግሞ 0.8 ሚሊሜትርን ወሰን ያደርጋል፣ ቁስለትንም ይጨምርበታል። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ማይክሮስኮፕና መለኪያ ብቻ ይበቃዋል።

ፕሮቲናችሁ ይሄን ነው ማሸነፍ ያለበት። "ኤምሲኤል-1 ከፍ ያለባቸው ቶሎ ሞቱ" ማለት አይበቃም፣ ምክንያቱም ኤምሲኤል-1 ከፍ ያለባቸው ዕጢያቸው ወፍራም የሆነባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ብዙ ነገሮች በታካሚው ዕጣ ላይ ያላቸውን ድርሻ በአንድነት በሚያሰላው የኮክስ ሞዴል ውስጥ ውፍረትን፣ ቁስለትን፣ የሊምፍ ኖዱን ሁኔታና ዕድሜን አስገቡ፣ ከዚያ ፕሮቲኑን ጨምሩ። እነሱ ባሉበት የፕሮቲኑ ድምፅ ከተሰማ ያኔ እናወራለን። ሞዴሉ የሚሸከመው የተለዋዋጮች ብዛት የሚወሰነው በሞቱት ወይም በሽታው በተመለሰባቸው ሰዎች ቁጥር እንጂ በጠቅላላው ናሙና እንዳልሆነ አትርሱ። 100 ሰው ኖሯችሁ የሞቱት 12 ከሆኑ ስድስት ተለዋዋጭ ማስገባት ቁጥሩን ማሠቃየት ነው።

ሌላው ክፉ ልማድ ወሰን መፈለግ ነው። 10 ፐርሰንት ሲሞከር አልሆነም፣ 20 አልሆነም፣ 35 ላይ ፒ-ቫልዩው 0.05ን ወርዶ ተገኘ፣ ተጻፈ። እንዲህ የተገኘ ወሰን ሌላ ሆስፒታል ሲሄድ ይሟሟል። ወሰኑን ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት ጻፉት፣ ወይም ቁጥሩን ሳትከፍሉ እንዳለ ተጠቀሙበት።

ደረጃ 8፦ ሌላ ቡድን ላይ ፈትኑ

ውጤታችሁ እውነት ከሆነ ባላያችኋቸው ሕሙማን ላይም መታየት አለበት። ያንኑ አንቲቦዲ፣ ያንኑ አሠራር፣ ያንኑ ወሰን ይዛችሁ ከሌላ ቦታ የመጡ ናሙናዎች ላይ ሞክሩት። ካልተደገመ ያልተደገመ ብላችሁ አሳትሙ፤ የዚህ ዘርፍ ትልቁ ጉዳት አሉታዊ ውጤቶች መሳቢያ ውስጥ መቅረታቸው ነው።

በዚህ መንገድ ሳያልፉ መሮጥ ምን እንደሚያስከፍል ኦብሊመርሰን ምስክር ነው። ቢሲኤል-2 እንዳይመረት የሚያደርግ መድኃኒት ነበር፣ ሐሳቡም ግልጽ ነበር፦ ቢሲኤል-2 ሜላኖማን ያኖረዋል፣ እሱን ቀንሰን ኬሞቴራፒ እንስጥ። 771 ሕሙማን ገቡበት፣ ውጤቱ በ2006 ታተመ። መድኃኒቱን ዳካርባዚን ከተባለው ኬሞቴራፒ ጋር ያገኙት በአማካኝ (ሚዲያን) 9 ወር፣ ዳካርባዚን ብቻ ያገኙት 7.8 ወር ኖሩ፣ ልዩነቱም በስታቲስቲክስ እርግጠኛ የሚያሰኝ አልነበረም። ቢሲኤል-2ን የሚያስረው ቬኔቶክላክስ ግን በ2016 ለአንድ የደም ካንሰር ዓይነት ፈቃድ አገኘ፣ እዚያ ሴሉ የተንጠለጠለው በቢሲኤል-2 ላይ ነውና። ሜላኖማ ኤምሲኤል-1 እና ቢሲኤል-ኤክስኤልም አሉት፣ አንዱ ሲያዝ ሌላው ይይዝለታል።

ደረጃ 9፦ ሲጻፍ

የጠቋሚ ጥናቶች እንዴት እንደሚቀርቡ የሚያዘው ሪማርክ የተባለው መመሪያ በ2005 ወጥቷል። ከመጻፋችሁ በፊት ሳይሆን ጥናቱን ስታቅዱ አንብቡት፣ ምክንያቱም የሚጠይቃችሁ ነገር በኋላ የሚገኝ አይደለም። የአንቲቦዲውን ክሎን፣ መጠኑን፣ የቀለሙን ዓይነትና የሜላኒኑን ጉዳይ እንዴት እንደፈታችሁ ጻፉ። ሌላ ሰው ሊደግመው የሚችለው ያኔ ብቻ ነው።

መደምደሚያው ላይ "ጠቋሚ ነው" ከማለት በየትኛው ካንሰር፣ ለየትኛው ጥያቄ፣ ውፍረቱ ከተቆጠረ በኋላ ምን ያህል እንደጨመረ ጻፉ። ጽሑፉን የሚያነበው ታካሚ ወይም የታካሚ ቤተሰብም ሊሆን ስለሚችል አንድ ዓረፍተ ነገር ለእሱ ትተርፍ፦ የሜላኖማ ደረጃ ዛሬ የሚወሰነው በውፍረት፣ በቁስለት፣ በሊምፍ ኖድና በሥርጭት ነው፤ በፓቶሎጂ ወረቀቱ ላይ ቢሲኤል-2 ወይም ካስፔዝ ባይጠቀስ ምርመራው ጎደለ ማለት አይደለም።